ጋሽ እርምጃና የተቀዳው ድምፁ

አጎቴን የሰፈሩ ሰው «ጋሽ እርምጃ» ይለዋል። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔና እናቴ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ እኛም ብንሆን በስሙ አንጠራውም። ሥራው የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ መሆን ነበር። ጣሪያዋ ላይ ድምፅ ማጉያ በታሰረባት ነጭ መኪና ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ፣ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ በየመንገዱ ማሳሰቢያ ሲያነብ ይውላል። ውሃ ሊቋረጥ ሲል የሚናገረው እሱ ነው። ቆሻሻ ያለቦታው ሲጣል የሚቆጣውም እሱ ነው። ቤት ሲገባ ግን ምግቡ ጨው ቢያጣ ዝም ብሎ የሚበላ፣ በር ሲያንኳኳ እንኳ የሚያፍር ሰው ነው።

የማዘጋጃ ቤት ቋንቋ እንደ ወታደር ማዕረግ አለው። «ያሳስባል» ከተባለ ማንም ቀና አይልም። «በጥብቅ ያስጠነቅቃል» ሲባል አንዳንዱ ቀና ብሎ መኪናዋን ያያትና ወደ ሥራው ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ያለችው «ጥብቅ እርምጃ ይወሰዳል» ናት። ይህቺ አነጋገር እኔን ስታናድደኝ ኖራለች። «ይወሰዳል» አለች እንጂ ማን እንደሚወስድ አትናገርም። የሚወስደው ሰው እኮ አለ፤ ሰማያዊ ሰደርያ የለበሰ፣ ጠዋት ከሚስቱ ጋር ተጣልቶ የወጣ ደንብ አስከባሪ ነው። የሚወሰደውም የታወቀ ነው፤ ቲማቲም፣ ካልሲ፣ የፕላስቲክ ሳፋ፣ የስልክ ሽፋን። ሁሉም ጭነት መኪና ላይ ይወረወራል፤ ባለቤቱ ከኋላ እየሮጠ ይለምናል። በእኛ መንገድ «እርምጃ» ማለት ይኸው ነው፤ ሌላ ትርጉም ያለው ሰው ካለ መጥቶ ይንገረን።

እናቴ በዚያው መንገድ ዳር፣ እኔ የምሠራበት ፎቶ ቤት ግድግዳ ሥር ልብስ ትሰፋለች። ማሽኗ በእግር የሚረገጥ፣ ብረቱ ከባድ፣ ጠረጴዛው ታጣፊ ነው። ወላጆቻቸው በልጅነታቸው ስላለፉ ታናሽ ወንድሟን፣ አጎቴን፣ ያሳደገችው በዚያ ማሽን ነው። እኔንም እንዲሁ። ትምህርት ቤት የላከን፣ የቤት ኪራይ የከፈለልን፣ አባቴ ጥሎን ሲሄድ ያልሄደው ማሽኑ ነው። ማሽኑ ከሄደ ቤታችን እንደሚዘጋ ሦስታችንም እናውቃለን፤ ስለዚህ ስለዚያ ነገር አናወራም።

ቢሮው «እርምጃ» ማለት ይወድ ነበር። ጭነት መኪናው ግን ሁልጊዜ አይመጣም። ብዙ ጊዜ ይባልና አንድ ቀን ይመጣል። የመንገዱ ሴቶች ጭንቀት የእውነቱን ቀን መለየት ነበር። መልሱን ያገኙት ከአጎቴ ጉሮሮ ነው። ለወጉ ያህል የሚያነብ ቀን ድምፁ ከፍ ይላል፣ «ይወሰዳል»ን እንደ ዜና አንባቢ ይስባታል። ጭነት መኪናው ግቢ ውስጥ ሞተሩን ሲያሞቅ አይቶ የወጣ ቀን ግን «እርምጃ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ይወርዳል። ሆን ብሎ አልነበረም፤ እህቱ መንገዱ ላይ ስላለች ሆዱ ይባባል፣ የሆዱ ነገር በጉሮሮው ይወጣል። መጀመሪያ ያስተዋለችው ቲማቲም ሻጯ ናት። «ወረደ! ወረደ!» ትላለች፤ መንገዱ በሙሉ ብድግ ይላል። ጭነት መኪናው ሲደርስ የሚያገኘው የቲማቲም ቅጠልና የተረሳ ነጠላ ጫማ ነው።

አጎቴ ይህን ሳያውቅ ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን እናቴ ሳቅ እያፈናት ነገረችው።

«እትዬ፣ በእንጀራዬ እኮ ነው የምትጫወቱት!» አለ ደንግጦ።

«እኛ ምን አደረግን? ሆድህን መደበቅ ያቃተህ አንተ ነህ» አለችው።

ከዚያ በኋላ ለመደበቅ ሞከረ። አልቻለም።

ኋላ አዲስ ኃላፊ መጣ። ቀጠን ያለ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ስብሰባ የሚወድ ሰው ነው። አንድ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲጮህ መዋሉ የድሮ አሠራር ነው አለ። ድምፁ አንድ ጊዜ ይቀዳል፣ ሾፌሩ ፍላሹን ይሰካል፣ አለቀ። አጎቴ አልከፋውም። እንዲያውም ደስ አለው። ድምፁ ተቀርጾ ሊቀመጥ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር በቤተሰባችን ታይቶ አይታወቅም። እናቴ የኮቱን እጅጌ አሳጠረችለት፤ ድምፅ የሚቀዳ ሰው ኮት ምን ያደርግለታል ብዬ ብስቅበት ተኮሳተረብኝ።

መቅጃው መስኮቱ ላይ ፍራሽ የተገተረበት ጠባብ ክፍል ነበር አለን። አጎቴ ጉሮሮውን ጠርጎ በሚያምረው ድምፁ አነበበ። ኃላፊው ራሱን ነቀነቀ፤ አያስፈራም። አጎቴ ከፍ አድርጎ ደገመው።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ የሰርግ ጥሪ ነው የሚመስለው» አለው ኃላፊው። «እርምጃ ነው የምንወስደው። እርምጃ!»

አጎቴ ግራ ገባው። ቢጮህም አልሆነ፣ ቢቆጣም አልሆነ። በመጨረሻ ዓይኑን ጨፈነና ጭነት መኪናውን አሰበ። የሚወረወረውን ቲማቲም፣ ከኋላ የሚሮጡትን ሴቶች አሰበ። «እርምጃ» ላይ ሲደርስ ድምፁ ወረደ።

«ይሄ ነው! በቃ፣ ያዘው!» ብሎ ኃላፊው አጨበጨበ።

ማታ ይህን ሲያወራልን ፊቱ በርቶ ነበር። እናቴም መረቀችው። ነገሩ ለማናችንም አልተገለጠልንም።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ መጣች። የአጎቴ ድምፅ መንገዱን ሞላው፣ «እርምጃ» ላይ ደረሰ፣ ወረደ። «ወረደ!» አለች ቲማቲም ሻጯ። መንገዱ ተተራመሰ። እኔና እናቴ ማሽኑን እየጎተትን ፎቶ ቤቱ ውስጥ፣ ፏፏቴ ከተሳለበት መጋረጃ ጀርባ ከተትነው። ጠበቅን። ጭነት መኪና የለም። ሁሉም ተመልሶ እቃውን ዘረጋ። ከሰዓት በኋላ መኪናዋ ተመልሳ መጣች፤ ድምፁ ወረደ፤ ተነሱ፤ ማንም አልመጣም። በማግስቱም እንዲሁ። በሳልስቱም። ገዢው ተማረረ። «እናንተ ስትነሱ ስትቀመጡ እኔ መቼ ልግዛ?» ብሎ አንዱ ካልሲውን ጥሎ ሄደ። የፎቶ ቤቱ ባለቤትም ፏፏቴው ሥር ፎቶ ሊነሱ የሚመጡ ሙሽሮች የልብስ ስፌት ማሽን እያገኙ ነው ብሎ አጉረመረመ።

ቲማቲም ሻጯ እናቴ ፊት መጥታ ቆመች።

«የወንድምሽ ነገር ምንድነው? ስንት ዘመን አምነነው! ይጫወትብናል እንዴ?»

እናቴ ቤት ስትገባ ቁጣዋ ገነፈለ።

«አንተ ልጅ፣ ምን እያደረግክ ነው?»

«እኔ አይደለሁም እትዬ። ፍላሹ ነው።»

«ፍላሹ ውስጥ ያለኸው አንተ አይደለህም?»

አጎቴ ጠዋት ኃላፊው ዘንድ ሄዶ በሌላ ድምፅ ልድገመው ብሎ ለመነ። ኃላፊው ሳቀ፤ ያማረ ነገር አይነካካም አለው። አጎቴንም ግቢው በር አጠገብ ባለች ክፍል ስልክ እንዲያነሳ መደበው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይባላል፤ የአጎቴ ደግሞ በጎማ እየተሽከረከረ ከተማውን ይዞር ነበር።

ሴቶቹ ተመካከሩ። ድምፁ ቢወርድም ቢወጣም ከእንግዲህ አንነሳም አሉ። አልተነሱም። ጥቂት ቀን አልፎ መኪናዋ ስትመጣ ካልሲ ሻጯ ማንኪያ እንደ ማይክ ይዛ «እርምጃ» እያለች ድምፁን ታስመስለው ጀመር፤ እናቴም ሳትወድ ትስቃለች። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል።

አንድ ጠዋት አጎቴ ስልኩ ጋ ተቀምጦ ሳለ ጭነት መኪናው ከጥላው ወጥቶ ግቢው መሃል ቆመ። ደንብ አስከባሪዎቹ ሰደርያቸውን እየለበሱ ተሰለፉ። አንዱን ጠርቶ ወዴት ናችሁ ቢለው የእኛን መንገድ ስም ነገረው። ነጯ መኪና ቀድማ ወጥታለች፤ እንደወትሮዋ እየዞረች ታነባለች። አጎቴ ስልኩ እየጮኸ ጥሎት ወጣና በኋላ በር፣ በጋራዦቹ መሃል ባለው ቀጭን መንገድ ሮጠ። ዕድሜው የሩጫ አልነበረም።

እኔ ፎቶ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር። ኮቱ ተገልብጦ፣ ላብ አጥምቆት፣ ከመንገዱ ጫፍ ሲመጣ አየሁት። አፉ ይንቀሳቀሳል። የሚለውን ግን አልሰማሁትም፤ ከኋላው ነጯ መኪና እየመጣች የራሱ ድምፅ ይጮህበታል። «ጥብቅ እርምጃ ይወሰዳል!» ይላል ከጣሪያው ላይ ያለው። ከታች ያለው አጎቴ ደግሞ በቀጭን፣ በደረቀ ድምፅ «ተነሱ! ዛሬ እውነት ነው! ተነሱ!» ይላል። ለካስ ማጉያው ሲነሳለት ድምፁ ይህችው ናት።

ቲማቲም ሻጯ ጋ ደርሶ ትከሻዋን ያዛት። እጁን አራገፈችው።

«አንተ ደግሞ ማነህ?»

«እኔ ነኝ! ጋሽ... እኔ እኮ ነኝ!»

«ሂድ ወዲያ! የእሱን ድምፅ አጣነው እንዴ? ያው እዚያ ላይ ይጮህ የለ!»

ያን ጊዜ የአጎቴን ፊት ያየሁት እኔ ነኝ፤ አልረሳውም። ስንት ዓመት ሲያነጋግራቸው ኖሮ አንዲት ሴት እንኳ አላወቀችውም። መኪና ውስጥ ሆኖ ያልፋል እንጂ ወርዶ አጠገባቸው ቆሞ አያውቅም ነበር።

እናቴ አወቀችው። ገና ጥርስ ሳያበቅል ሲያለቅስ የሰማች ናት፤ እግሯ መርገጫው ላይ ቆመ።

«ተነሱ!» አለች ተነስታ። «ወንድሜ ነው! እሱ ራሱ ነው! ተነሱ፣ መጡ!»

እናቴን የሚያውቅ ሁሉ ተነሳ። እሷም ማሽኗን ትታ በመንገዱ ወረደች። ጆሮዋ የማይሰማውን ሳፋ ሻጭ በእጇ ጎትታ አስነሳቻት፣ የካልሲዎቹን ሸራ አራት ማዕዘኑን ይዛ አጠፈችው። «እማዬ፣ ማሽኑ!» ብዬ ብጮህ አልሰማችኝም። እኔና አጎቴ ጠረጴዛውን ለማጠፍ ታገልን። ማጠፊያው የሚከፈትበትን ዘዴ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት፤ አንድ ቦታ በጉልበቷ መታ አድርጋ ነው የምትከፍተው። እኛ ሁሉንም ቦታ መታን። ሳይታጠፍ ደግሞ በፎቶ ቤቱ በር አይገባም። ጭነት መኪናው ሲቆም መንገዱ ላይ የቀረነው እኛና ማሽኑ ነበርን።

የመጣው ደንብ አስከባሪ አጎቴን ሲያይ ደነገጠ።

«ጋሼ፣ አንተ እዚህ ምን ትሠራለህ?»

«የእህቴ ናት። ተዋት፣ ልጄ።»

«እኔ ምን አቅም አለኝ? እርምጃ ነው» አለና ማሽኑን በሌላኛው ጫፍ የሚይዝለት ጓደኛውን ጠራ። አብሮም መርፌው ሥር በጅምር የነበረውን የትምህርት ቤት ልብስ ወሰዱት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

እናቴ ከመንገዱ ጫፍ ስትመለስ ማሽኑ የነበረበት ቦታ ላይ አራት የእግሩ ምልክት ብቻ ቀርቶ ነበር። አላለቀሰችም። መሬት ላይ የወደቁትን መርፌዎች አንድ በአንድ ለቀመች።

ከዚያ በኋላ በእጇ መስፋት ጀመረች። በእጅ ሲሰፋ ቀኑ ይመሻል፣ ሥራው አያልቅም፣ ዓይን ይደክማል። ደንበኛም አይጠብቅም። አጎቴ ቤት ውስጥ እንደ ጥፋተኛ ልጅ ግድግዳ ይዞ ይሄድ ነበር። እሷ አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችውም፤ ብትናገረው ይሻለው ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ኃላፊው አጎቴን አስጠራው። አጎቴ የገባው የተነቃበት መስሎት ነበር። ኃላፊው ግን ወንበር ሳበለት።

«የድምፅህን ኃይል አየኸው? መኪናችን ሲደርስ መንገዱ ባዶ ነበር! አንድ የስፌት ማሽን ብቻ!»

አዲስ ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ፣ ይህኛው «የማያዳግም እርምጃ» የሚል ነው፣ ነገ ትቀዳልናለህ አለው። አጎቴ ማሽኑ የእህቱ መሆኑን ነገረው። ኃላፊው እጁን አወዛወዘ፤ ቀላል ነው፣ ንባቡን ጨርስና ከመጋዘን ውሰዳት አለው።

ማታ አጎቴ ይህን ሲነግረን ወለሉን እያየ ነበር። እኔ ብግን አልኩ፤ አታንብብላቸው፣ ድምፅህን አትሽጥ አልኩት። እናቴ ክሩን በጥርሷ በጥሳ አየችኝ።

«አንቺ ዝም በይ። አንተ አንብብላቸው፣ ማሽኔን አምጣልኝ። በባዶ ሆድ ኩራት የለም።»

«ሴቶቹስ እትዬ?»

«ሴቶቹ ምን ይሆናሉ? እንግዲህ ያችን መኪና የሚሰማ የለም።»

«እሱን ነው እኮ የፈራሁት» አላት። «እኔን የሚሰማ ከጠፋ፣ ጭነት መኪናው የመጣ ቀን ምን ብዬ ላስነሳቸው ነው?»

እናቴ ወደ ስፌቷ ተመለሰች። እሱም ጠዋት ኮቱን ሳይለብስ ሊቀዳ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ማሽኑ በጋሪ ተጭኖ መጣ። እናቴ ማጠፊያውን በጉልበቷ መታ አድርጋ ከፈተችው፣ ዘይት አጠጣችው፣ መንኮራኩሩን በእጇ አዙራ ጆሮዋን አስጠጋች። ከዚያ ተቀምጣ ረገጠችው። የዚያን ቀን ሳቋን ብታዩ።

በማግስቱ ጠዋት ነጯ መኪና መጣች። የአጎቴ ድምፅ «የማያዳግም ጥብቅ እርምጃ ይወሰዳል» አለ። ማንም ቀና አላለም። ከዚያ ግን ንባቡ ሳያበቃ፣ ያው ድምፅ ዝግ ብሎ ቀጠለ። «ይህ የምትሰሙት የተቀዳ ድምፅ ነው። እኔ መኪናው ውስጥ የለሁም። ከመጡ በእግሬ መጥቼ እነግራችኋለሁ።»

ኃላፊው በቀረጻው ቀን ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሾፌሩም ሙዚቃ በጆሮው ሰክቶ ስለነበር አልሰማም። መንገዱ በሳቅ ፈረሰ። ካልሲ ሻጯ ማንኪያዋን ወርውራ መሬት ላይ ተቀመጠች። መኪናዋ እየዞረች ያንኑ ለከተማው ሁሉ አነበበች። እናቴ ግን አልሳቀችም። ማሽኑን አቁማ መኪናዋ እስክትጠፋ ድረስ አየቻትና «ምን አደረግክ፣ ወንድሜ» አለች ለራሷ።

ኃላፊው ሲሰማ ፍላሹ ተነቀለ። በሚቀጥለው ቀን አጎቴ ሥራ ሊገባ ሲል ዘበኛው በሩን ገርበብ አድርጎ ያዘው። አብረው ብዙ ዓመት የኖሩ ሰዎች ናቸው፤ ዘበኛው ዓይኑን ማየት አቃተው።

«ጋሼ፣ ዛሬ አትገባም።»

«ለምን?»

«እርምጃ ተወስዶብሃል አሉ።»

«ማነው የወሰደው?»

«እሱን አልነገሩኝም።»

አጎቴ ተመልሶ ወደ እኛ መንገድ መጣ። በእግሩ፣ ዝግ ብሎ፣ በጠራራ ፀሐይ። የሆነውን ከነገረን በኋላ፣ ያን ሁሉ ዓመት ይህን ቃል ለሰው ሁሉ ሳነብ ምን እንደሚመስል አላውቅም ነበር አለ። እኔ ቢሮው ድረስ ሄጄ ልሳደብ ተነስቼ ነበር። እናቴ በቀሚሴ ጎትታ አስቀመጠችኝ። ለእሱ ደግሞ በርጩማ ገፋችለት፣ ሸሚዝና የቁልፍ ቆርቆሮ ጭኑ ላይ አኖረችለት።

«በል፣ ይሄን ትከል። ክሩን አጥብቀው።»

አሁን ቁልፍ የሚተክል፣ ዚፕ የሚቀይር እሱ ነው። ጣቶቹ መጀመሪያ ላይ ሲወጉ ከረሙ። ነጯ መኪና በሌላ ሰው ድምፅ ታልፋለች፤ ወጣት ነው፣ ሁሉንም ነገር ከፍ አድርጎ ያነብባል። ቲማቲም ሻጯ ያን ቀን ስላላወቀችው አፍራ ብዙ ጊዜ በሩቁ ስታልፈው ነበር። አንድ ጠዋት ከረጢቷን ተሸክማ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«ጋሼ፣ ዛሬ ይመጣሉ እንዴ?»

አጎቴ ከሸሚዙ ላይ ቀና አለ። የሚያየው ግቢ፣ የሚነግረው ሰው የለም።

«አላውቅም፣ እህቴ» አላት።

አመነችውና ከቲማቲሙ ግማሹን ብቻ ዘረገፈች።